ዘበኛው የቤቱን ሰው ሲጠረጥር
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ኮምፒውተር ቫይረስ ብዙ ተነግሯል። ጠባቂው ራሱ ስለሚያደርሰው ጉዳት ግን እምብዛም አይወሳም። ይኸውም ጸረ ቫይረሱ ንጹሑን ፕሮግራም በጠላትነት ፈርጆ ሲያግድ ወይም ሲሰርዝ ማለት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወላይታ ሶዶ ውስጥ ያለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ማሰብ ይበቃል። ከቦዲቲ ወይም ከአረካ የመጣ ባለጉዳይ ማመልከቻ ያስጽፋል። ጸሐፊዋ በላቲን ኪቦርድ አማርኛ የምትጽፈው እንደ ፓወር ግዕዝ ባለ ፕሮግራም ነው እንበል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የተመታውን ቁልፍ ሁሉ መከታተልና ሁለቱን የላቲን ፊደላት አንድ የግዕዝ ፊደል አድርጎ መመለስ አለበት። የይለፍ ቃል ለመስረቅ የተሠራ ሰላይ ፕሮግራምም እንዲሁ ቁልፎችን ያዳምጣል። ስለዚህ ጠባይን አይቶ የሚፈርድ ጸረ ቫይረስ ሁለቱን ቢያምታታ አያስገርምም።

ጸረ ቫይረስ ከጠባይ ሌላ ሁለት መመዘኛዎች አሉት። አንደኛው የታወቁ ቫይረሶችን አሻራ ከፋይሉ ጋር ማስተያየት ነው። ሁለተኛው ግን ዝና ነው፤ ፕሮግራሙን በዓለም ላይ ስንት ኮምፒውተር ተጠቅሞበታል? ማንስ ፈርሞበታል? ይህ መመዘኛ ለትንሽ ገበያ ፍርደ ገምድል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሶዶ ላይ ተጽፎ ሁምቦና ዳሞት ጋሌ ባሉ ጥቂት ጽሕፈት ቤቶች ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ቢኖር፣ ጥፋቱ የማይታወቅ መሆኑ ብቻ ነው። የፊርማው ምስክር ወረቀት ደግሞ በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ የሚታደስ ነው።

ታዋቂ መሆንም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም. የማካፊ ጸረ ቫይረስ አዲስ ዝርዝር ባሠራጨ ጊዜ፣ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዋና ፋይሎች አንዱን በቫይረስነት ፈረጀ። ኮምፒውተሮቹ ደጋግመው እየጠፉ ይነሡ ጀመር፤ ኔትዎርክም ተቋረጠባቸው። መድኃኒቱ በኔትዎርክ ሊደርስ ስላልቻለ ባለሙያዎች ከማሽን ወደ ማሽን እየዞሩ መጠገን ግድ ሆነባቸው። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ክፍል ከ25,000 ኮምፒውተሮች 8,000 ያህሉ እንደተመቱ ተዘግቧል። መስከረም 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ የሶፎስ ጸረ ቫይረስ የራሱን ማደሻ ክፍል ጠላት ብሎ አገደ፤ ማረሚያውን የሚቀበልበትን በር በገዛ እጁ ዘጋ።

የሶዶዋ ጸሐፊ ግን ይህን ሁሉ መርምራ አትፈርድም። ባለጉዳይ ቆሞ እየጠበቀ ኪቦርዷ ሦስት ጊዜ ከታገደባት ጸረ ቫይረሱን ታጠፋዋለች፤ ማን ይፈርድባታል? ከዚያ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ የሚመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፎልደሮችን ደብቆ በሐሰተኛ ምልክት የሚተካውን ቫይረስ ይዞ ቢገባ የሚያስቆመው የለም። ከእርሱ ቀጥሎ ፍላሹን የሚሰካው ደግሞ ቫይረሱን ወደ መሥሪያ ቤቱ ይወስዳል።

ማስጠንቀቂያው ሁሉ ሐሰት ነው ማለትም አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የተቀዳ፣ የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም በእርግጥ ቫይረስ አዝሎ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቅጂ በእጇ የሌለ ጸሐፊ እውነተኛውን ጩኸት ከሐሰተኛው የምትለይበት መንገድ የላትም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከፕሮግራሙ ባለቤት የተገኘውን ንጹሕ ቅጂ ለብቻው ከማስቀመጥ ነው።

ጥርጣሬ በተነሣ ጊዜ የፕሮግራሙን ፋይል ቫይረስ ቶታል በተባለው አገልግሎት ወደ 70 በሚጠጉ ጸረ ቫይረሶች ማስመርመር ይቻላል። ሁለት ሦስቱ ብቻ በደፈናው ከጠረጠሩ ነገሩ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ በአንድ ስም ከጠሩት ግን ፕሮግራሙን መጣል ነው። (የደንበኛን ሰነድ ግን ወደዚያ መላክ አይገባም፤ የተላከውን ሌሎች ያዩታልና።) ንጹሕነቱ ሲረጋገጥ ከቁጥጥር ነጻ የሚደረገው ያ አንድ ፋይል ብቻ ይሁን፤ ፎልደሩ ወይም ፍላሹ በሙሉ አይደለም። ለጸረ ቫይረሱ አምራች አቤቱታ መጻፍ ደግሞ የፕሮግራሙ ደራሲ ድርሻ ነው፤ አምራቾቹም አቤቱታውን ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። የሶዶዋ ጸሐፊ ይህን ደብዳቤ እንድትጽፍ አይጠበቅባትም።