ዓይን በተጫረበት ቀን



እሾህ ወይም የእህል ገለባ ዓይንን ከጫረ በኋላ የሚመጣውን ቁስል ብዙዎቻችን አይተናል። የሚጎዳው ኮርኒያ የተባለው፥ በዓይን ፊት እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ የተዘረጋው ሽፋን ነው። በጭረቱ በኩል ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ይገባል፤ ቁስሉ ቢድን እንኳ ነጭ ጠባሳ ትቶ ማየትን ይጋርዳል።

በተለይ የፈንገስ ቁስል በጠብታ መድኃኒት ቶሎ አይሸነፍም። ስለዚህ ሐኪሞች ብርሃንን ራሱን መድኃኒት ለማድረግ ሲጥሩ ቆይተዋል። አንዱ መንገድ የተበከለውን ቦታ በአርጎን ሌዘር መተኮስ ነው። ሌላው፥ በአሜሪካ በማያሚ ከተማ በባስኮም ፓልመር የዓይን ተቋም የተሠራበት፥ ሌዘር አይደለም፤ ሮዝ ቤንጋል የሚባል ቀይ ቀለም በቁስሉ ላይ ይንጠባጠብና አረንጓዴ ብርሃን ይበራበታል። ቀለሙ ብርሃኑን ሲቀበል በዙሪያው ያለውን ኦክስጅን ተሕዋስያንን ወደሚገድል ዓይነት ይለውጠዋል። በዚህ መንገድ የሌላ ሰው ኮርኒያ ሳይተከልላቸው የዳኑ ሕመምተኞች አሉ።

ነገር ግን ብርሃን ሁሉ አይፈውስም። በደቡብ ሕንድ በአራቪንድ የዓይን ሆስፒታሎች የአልትራቫዮሌት ጨረርና ሪቦፍላቪን የተባለው ቫይታሚን በጠብታው ላይ ተጨምረው በፈንገስ ቁስል ተሞክረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? እንዲህ ያለው መሣሪያ ከመንደሮቻችን ሩቅ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ግን በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ባክታፑር፥ ኔፓል፥ በታተመው ጥናት ዓይናቸው ለተጫረ 442 ሰዎች የ1 በመቶ ክሎራምፌኒኮል ቅባት በቀን 3 ጊዜ ለ3 ቀን ተደረገላቸው። ጉዳቱ በደረሰ በ18 ሰዓት ውስጥ ከጀመሩት 284 ሰዎች አንዱም ቁስል አልያዘውም። በኋላ በዚያው አገር በሰፊው ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ግን የመንደሩ አገልግሎት በሕዝቡ መካከል የቁስሉን ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳየ። ስለዚህ ቅባቱን በሣጥን ማኖር ብቻ አይበቃም፤ የተጎዳው ሰው ሳይውል ሳያድር መምጣት አለበት እንላለን።

ዓይኑ የተጫረ ሰው ስታዩ «ነገ ይሻለዋል» አትበሉት። ቅጠል አይጨመቅበት፤ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይደረግበት፥ ፈንገስን ያባብሳልና። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። መከር ሳይገባ ይህን በየጉባኤያችሁ አስታውቁ፤ መንገዱ ለራቀበትም ሰው በቅሎ ወይም የመኪና ዋጋ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።