ሐኪም ለመሆን ለሚሹ ተማሪዎች ስለሚሰጥ ምክር



ትምህርቱን የሚፈጽም ተማሪ «የትኛው የሕክምና ትምህርት ቤት ይበልጣል?» ብሎ ሲጠይቀን፥ ዝናን ብቻ ቈጥረን መመለስ አይገባንም። የካርቱምና የማኬሬሬ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁለቱም በ1924 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እናገራለሁ) የተከፈቱ እኩዮች ናቸው። ነገር ግን በ2023 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የካርቱም ተማሪዎች ተበተኑ፤ የትምህርት ቤቱ ስም አላስጠለላቸውም።

ከሰላም ቀጥሎ የሚጠየቀው ስለ ሆስፒታሉ ነው፤ ሕክምና ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚለመድ ጥበብ ነውና። የማኬሬሬ ተማሪ በሙላጎ፥ የአዲስ አበባውም በጥቁር አንበሳ ይማራል። ሁለቱም ከየአገሩ ጽኑ ሕመምተኞች የሚላኩባቸው በመሆናቸው ተማሪው ብዙ ያያል፤ ሆኖም ሕመሙ በመንደር ሲጀምር አያይም። ጎንደር ግን በ1954 ዓ.ም. ሲመሠረት የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ኮሌጅ ነበር፤ ሐኪሞችን ማስተማር የጀመረው በ1978 ዓ.ም. ነው። በገጠር ለማገልገል ለሚያስብ ልጅ፥ እኔ ብጠየቅ፥ ይህን አስቀድማለሁ።

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ደግሞ በዲፕሎማው በአገሩ የሥራ ፈቃድ ያገኝ እንደሆነ ከመነሣቱ በፊት ይጠይቅ። ወላጆች ስለ ክፍያው ተጨንቀው ይህን የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ ልጁ ተመርቆ ሲመለስ ነው።