የሩቅ ሰው ገና



በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል በጋ የሚገባው ታኅሣሥ 26 ቀን ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ገና ይከተላል፤ ጥምቀት ጥር 11 ይውላል፤ ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ የሰርግ ወራት ነው። ይህ አቀማመጥ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። ክረምት ዘመድን ከዘመድ ያለያያል። ብርና ፈጣም ይሞላሉ፣ ጭቃው በቅሎ ይይዛል፣ ሰውም በአረም ተጠምዶ ይከርማል። ታኅሣሥ ሲጋመስ ውኃው ይጎድላል፤ በቆሎው ጎተራ ይገባል፤ ጤፉ ይከመራል፤ በርበሬው ተሰጥቶ ይደርቃል። ያን ጊዜ በሰው እጅ ጥቂት ገንዘብና ጥቂት የዕረፍት ቀን ይኖራል። እነዚህ በዓሎቻችን የሚውሉት ዘመድ ከዘመዱ ዘንድ በእግሩ ሊደርስ በሚችልበት ወቅት ነው። ከወገኑ ርቆ የሚኖር ሰው ከዓመቱ ቀናት ሁሉ በእነዚህ ሳምንታት ይበልጥ የሚከፋውም ለዚህ ነው።

የመጣሁት አንድ ነገር ልናገር ነው። ከዘመድ ርቆ የመጣን ቤተሰብ በበዓል የመጥራት ግዴታ ያለበት ዘመድ ያለው ሰው ነው። እንግዳው ራሱ ቀርቦ እንዲተዋወቅ፣ ራሱ በራችንን እንዲያንኳኳ መጠበቅ አይገባንም።

ይህ አገር ሰው ሲሸኝ ኖሯል። ከቡሬ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴ የሚዘልቀው መንገድ ስንቱን ገበሬ መሬት ፍለጋ ወስዶታል። የመተማና የሑመራ ሰሊጥ በየዓመቱ ወጣቶቻችንን ይጠራል። አዲስ አበባ ያሉት፣ ዓረብ አገር የሄዱት እህቶቻችን፣ አሜሪካ የተሻገሩት ብዙ ናቸው። አሁን ደግሞ ሰው ወደ እኛ ይመጣል። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ተመረቀ፤ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩም እዚያው ነው። ከወሎ የተመደበ መምህር፣ ከጎንደር የመጣች ነርስ፣ ከደቡብ የመጣ መካኒክ ዛሬ ከእኛ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ልጅ ያሳድጋሉ። ለገና ሥራ በሕግ የሚዘጋው አንድ ቀን ነው። ከፍኖተ ሰላም ደሴ ደርሶ ለመመለስ መንገዱ ብቻ ሁለት ቀን ይበላል። ስለዚህ መምህሩ በዓሉን እዚሁ ይውላል፤ ልጆቹም ከግድግዳው ማዶ የእኛን ቤት ሳቅ ይሰማሉ።

ርቆ መኖር ለጎጃም አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው የሚያስቆጨኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው እዚሁ ማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ነው፤ በዛብህም በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ ከእናት ከአባቱ ተለይቶ ለትምህርት የወጣ ልጅ ነው። በልብ ወለድ ያነበብነው ሕይወት በዚህ አገር የሺዎች ሕይወት ነበር። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የወላጆቹን መንደር ትቶ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል። ናፍቆት እንዳይመልሰው ሆነ ብሎ የሚርቅም አለ። ያ ልጅ ገናን የት ነበር የሚውለው? በማያውቀው መንደር፣ በማያውቃት እናት ደጅ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻው ይጮህበታል፤ ባለቤቲቱ ግን ውሻውን ይዛ ድርሻውን ታወጣለታለች። ብዙዋ እናት ይህን የምታደርገው የራሷም ልጅ በዚያው ሰዓት በሌላ አውራጃ በሌላ ሴት ደጅ ስለ ቆመ ነበር። ልጇን ዋሸራ የላከች እናት የሰው ልጅ ታበላለች፤ ልጇን ደግሞ ሌላዋ ታበላላታለች። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ፣ ውል የለ። በጎጃም ገጠር ካሉ ሥርዓቶች ሁሉ እኔ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም።

ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችንም በበዓል ዘመድ መፈለግን ያውቁታል። ፈረንጆቹ ልደትን በሚያከብሩበት ታኅሣሥ 16 ቀን የተሰደደች እናት ኅዳር 15 የጀመረችውን ጾመ ነቢያት ገና አልፈታችም። ልጇ ጓደኞቹ ስጦታ ሲቀበሉ ያያል። በእኛ ገና ቀን ደግሞ በረዶውን ረግጦ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ አባቱም ሥራ ይገባል። እዚያ ዘመድ የሚገኘው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። አገር ቤት ቢሆኑ ላይተዋወቁ ይችሉ የነበሩ የቡሬና የሐረር ልጆች እዚያ እንጀራ ሲቆራረሱ ያድጋሉ። የተሰደደው ያደረገውን አገሩ ላይ የተቀመጠው ማድረግ እንዴት ያቅተዋል?

በገናና በጥምቀት መካከል ልዩነት አለ፤ ልብ በሉልኝ። ጥምቀት ሜዳ ላይ ነው። ከከተራ ጀምሮ ታቦቱን አጅቦ የሚወርድ፣ የሚጨፍር፣ የሚያመሰግን ሁሉ ጠሪ አያስፈልገውም፤ እንግዳውም ነጭ ልብሱን ለብሶ ከወጣ ከሕዝቡ አንዱ ነው። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ይህንን የአደባባይ በዓል ነው። ገና ግን ዛሬ በር ዘግቶ የሚበላ በዓል እየሆነ ነው። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። የገና ጨዋታ ነበረ፤ ላይ ቤትና ታች ቤት ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩሯን ሲያሯሩጡ፣ ወገን ሲያንስ አዲስ የመጣው ልጅ ሳይቀር ተመርጦ ይገባ ነበር። በከተሞቻችን ሜዳው በቤት ተሞልቶ ጨዋታው ሲቀዘቅዝ እንግዳ የሚገባበት አንድ በር ተዘጋ። ስለዚህ የብቸኝነቱ ክብደት ያለው ገና ላይ ነው፤ ትኩረታችንም እዚያ ላይ ይሁን።

እኔም እንግዳነትን ቀምሼዋለሁ፤ እኛ ቡሬ በገባን በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት በዋዜማው ማታ መጥተው ባለቤቴን «ልጄ፣ ዶሮ እንዳትገዢ፤ የምትገድፉት እኔ ዘንድ ነው» አሏት። እንደምናስቸግራቸው ልትነግራቸው ብትሞክር አልሰሟትም። ልጆቼ እኝያን እናት እስከ ዛሬ «አያቴ» ነው የሚሏቸው።

አንድ ማዕድ ግን ዓመቱን ሙሉ አይበቃም። ሰውን ዘመድ የሚያደርግ ሥርዓት በእጃችን አለ። የመጀመሪያው ቅርጫ ነው። በሬ ተገዝቶ፣ ታርዶ፣ በመደብ ሲከፋፈል የመደብተኞቹን ስም የሚይዝ ሰው አለ። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ዓምና የነበሩትን ነው። ሙሉ መደብ ለመምህር ደመወዝ ይከብዳል፤ ግማሽ መደብ ግን ይቻላል፤ ክፍያውን በሁለት ወር ከፍሎ መጨረስም ይቻላል። ሥጋው ሲደለደል ከቅጠሉ አጠገብ ቆሞ የእኩል ድርሻውን የሚቀበል ሰው፣ ያ ሰፈር ሰፈሩ መሆኑን ያን ዕለት ያውቃል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሚገኙበት ግቢ ደግሞ ለእነርሱ የሚሆነውን እንስሳ ራሳቸው አርደው አብሮ የመዋል ልማድ አለን፤ እርሱም ይቀጥል።

ሁለተኛው አበልጅነት ነው። ርቆ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ሲወልድ፣ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣል፤ ያን ጊዜ የክርስትና አባት ወይም እናት ያስፈልጋል። ወንድም ሩቅ ነው፤ እህት ሩቅ ናት። ጎረቤት ሲጠየቅ «እኔ አልሆንም» ማለት የለበትም። አበልጅነት በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ጋብቻን እስከ መከልከል የሚደርስ እውነተኛ ዝምድና ነው። በአንድ ጥዋት ሥርዓት መምህሩ በፍኖተ ሰላም ዘመድ ያገኛል፤ ልጁም ገና ሲመጣ የሚሄድበት ቤት ይኖረዋል።

እድርን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በአንዳንድ እድሮች አዲስ ገቢ የነባሩን ንብረት ድርሻ በአንድ ጊዜ ከፍሎ እንዲገባ ይጠየቃል። ነባሩ ዓመታት ያዋጣውን ድንኳንና ድስት አዲሱ በነጻ ይጠቀም አልልም። ግን በየወሩ ከፍሎ ይጨርስ። ወላጁ በሩቅ አገር ሲሞትበት መርዶ የሚያረዳውና ድንኳን የሚተክልለት ሰው የሌለው ሰው ከበዓሉ ብቸኝነት የከፋ ነገር ይጠብቀዋል።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ያለንበት ሁኔታ ነገሩን አክብዶታል። በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገድ እየተዘጋ፣ ኢንተርኔት እየተቋረጠ፣ ልጅ እናቱን ሳይጠይቅ በዓላት አልፈዋል። እዚህ ተወልዶ አዲስ አበባ የቀረው ልጅ መምጣት ፈርቷል፤ እዚህ የተመደበውም መሄድ ፈርቷል። ፍኖተ ሰላም ላይ ልጇን የምትጠብቅ እናትና እናቱን የናፈቀ ወጣት መምህር በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ፣ ለየብቻቸው ተቀምጠዋል። እነዚህን ሁለቱን ለማገናኘት የመንገዱን መከፈት መጠበቅ አያስፈልግም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የቅርጫ ጸሐፊዎች ሆይ፣ ስም መመዝገብ ስትጀምሩ ዓምና ያልነበሩትን ተከራዮች በየግቢው ዞራችሁ ጠይቁ። የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴዎች ከሌላ ዞን የመጡ መምህራንን ታውቋቸዋላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የሚጠራው ቤት ፈልጉለት። እናንተ ከእኛ ርቃችሁ የምትኖሩ የአገሬ ልጆችም መንገዱ በተከፈተበት ጥር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እስከዚያው በየሳምንቱ ደውሉ፣ ስልኩንም ለልጆቹ ስጧቸውና አያቶቻቸውን ራሳቸው ያናግሩ። አከራዮች ሆይ፣ በገና ዋዜማ ማታ ዶሮው ከመታረዱ በፊት ወደ ሰርቪስ ቤቱ በር ሂዱ።