የተማሪ ስንቅ፣ የተማሪ ቤት

ዛሬ የምንነጋገረው ለመማር ከቤታቸው ወጥተው ማደሪያ ስለሚቸግራቸው ልጆች ነው። ማደሪያ ከሌለ፣ መንገዱም ከራቀ፣ ትምህርት ቤቱ ቢከፈት ለልጁ ምን ይጠቅመዋል?

ሉማሜን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደጀን አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አስፋልት በእሷ በኩል ያልፋል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን ዋልካ ነው። በመስከረም ትምህርት ሲጀመር ጭቃው ገና አልደረቀም። ከጮቄ በኩል የሚወርደውም ውሃ አልጎደለም። ልጁ በመንደሩ አቅራቢያ አንደኛ ደረጃን ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ወደ ከተማ መምጣት አለበት።

ታዲያ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። አርብ ከትምህርት ሲወጡ ወደ አገር ቤት በእግር ይሄዳሉ። እሑድ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት የሚሄድ አለ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ከማለት በፊት እግሩን ማየት ነው። ስንቁ ረቡዕ ያለቀበት ደግሞ ሐሙስና አርብን ሳይማር ይቀራል። እንዲህ እንዲህ ሲል ፈተና ይደርሳል።

ሴት ልጅ ስትሆን ነገሩ ይከብዳል። ወላጅ መንገዱን ይፈራል። ፈርቶ ያስቀራታል፤ ካስቀራት በኋላም ይድራታል። በሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ነው። ሕጉ ግን መንገዱን አያሳጥርላትም።

«እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው» የሚሉ አባቶች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጎጃም የቆሎ ተማሪ አገር ነው። ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ዋሸራ ስንቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ሄዷል! ነገር ግን የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል መንደሩ ቁራሽ ይሰጠዋል። ደብተር የያዘውን ተማሪ ግን የራበው ነው ብሎ የሚያስብ የለም።

ሀብታም በሚባለው አሜሪካም ቤት የሌላቸው ተማሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ማኪኒ የሚባል ሕግ ወጣላቸው። ሕጉ ኋላ ሲሻሻል፣ ልጁ መጠጊያ ፍለጋ ሌላ ሰፈር ቢሄድም በቀድሞው ትምህርት ቤቱ እንዲቆይ፣ ወላጁ ከጠየቀም መጓጓዣ እንዲቀርብለት ተደነገገ። ወረቀት አላሟላህም ተብሎም አይመለስም። እኛ ጋ አውቶቡስ ይምጣ ቢባል ዋልካው ላይ ተይዞ ይቀራል። ያለ ወረቀት መመዝገብ ግን አውቶቡስ አይጠይቅም። ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ መሸኛውን ከየት ያመጣል? መጀመሪያ ይመዝገብ፣ መሸኛው ቆይቶ ይፈለግለታል።

አሁን ወደ ወላጆች እንምጣ። በአንድ ጎጥ ያላችሁ ወላጆች ስንቁን በተራ አድርሱ። ዛሬ የአንዱ አህያ የአራቱን ልጆች ስንቅ ትጭናለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሌላው። አራት ወላጅ ከሆናችሁ ተራው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው። ልጆቹም ቅዳሜን ያጠኑበታል። ስንቁ እንዳይቀያየር በየከረጢቱ ላይ የልጁን ስም ጻፉ። ይህን ለመጻፍ የተማራችሁት ይበቃል።

ሌላው የቤት ኪራይ ነው። አንዳንድ አከራይ በጥር ወይም በየካቲት የተሻለ ኪራይ ሲያገኝ ልጆቹን ያስወጣል። በዓመቱ መካከል ሌላ ቤት አይገኝም። አንዳንዱ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ የሚሄደው በዚህ ጊዜ ነው፤ እኛ ግን «ትምህርት አልሆነው አለ» እንላለን! ስለዚህ ውል በወረቀት ይሁን። አጭር ይበቃል፤ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

«እኔ አከራይ አንዲት ክፍል ቤት ለተማሪዎች ከመስከረም 1 ቀን እስከ ሰኔ 30 ቀን አከራይቻለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኪራይ አልጨምርም፤ ተማሪዎቹንም አላስወጣም።»

ከዚህ በታች የኪራዩ ገንዘብ በቁጥርና በፊደል ይገባል። ከዚያም አከራዩ፣ ወላጁና ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ። ሳታነቡ አትፈርሙ። ስማችሁን መጻፍ የቻላችሁም በጣት አትፈርሙ፤ ስማችሁን ጻፉ።