ትምህርቱን የሚያዳምጥለት የሌለው ልጅ
(ለየቲሞች አሳዳጊ ቤተሰቦችና ለጋሾች ከተደረገ ንግግር)





ለየቲም ልጅ ደብተር፣ የደንብ ልብስና የትምህርት ቤት ክፍያ ስንሸፍን ግዴታችንን የፈጸምን ይመስለናል፡፡ ዛሬ የምንናገረው ግን ገንዘብ ብቻውን ስለማይሞላው ጉድለት ነው፤ እርሱም ማታ ማታ የልጁን ትምህርት የሚያዳምጥለት ሰው ማጣት ነው፡፡

ከዓመታት በፊት እንግሊዝኛ ስናስተምር በየቀኑ አሥር አዳዲስ ቃላት በሰሌዳ ላይ እንጽፍ ነበር፡፡ ተማሪዎች በቤታቸው አጥንተው በማግስቱ እየተነሡ እንዲመልሱ እናዝዝ ነበር፡፡ አንድ ልጅ ሦስት ቀን በተከታታይ ዝም ቢል ሰነፍ ነው ብለን በጓደኞቹ ፊት አቆምነው፡፡ በኋላ ስናጣራ አባቱ በሞት ተለይቶታል፤ እናቱ እንጀራ ፍለጋ ርቃ ሄዳለች፤ የሚኖረውም ማንበብ ከማይችሉ አያቱ ጋር ነው፡፡ ቃላቱን አሳምሮ ገልብጧል፤ እንዴት እንደሚነበቡ የሚነግረው ግን አልነበረም፡፡ የቀጣን የመሰለን ስንፍናውን ነበር፤ የቀጣነው ግን የቲምነቱን ነው፡፡ በዚህ ዛሬም እናፍራለን፡፡

ያን ጊዜ ያደግንበትን የመድረሳ ሥርዓት አስታወስን፡፡ በመድረሳ ልጅ ከሉሑ ጋር ብቻውን አይተውም፡፡ ዑስታዙ ያነባል፤ ልጆች በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ፤ ታላቁ የታናሹን ያዳምጣል፤ የትናንቱ ሳይሰማ የዛሬው አይጀመርም፡፡ እንግሊዝኛውንም እንዲሁ አደረግነው፡፡ አሥሩን ቃል ወደ አምስት ቀነስን፡፡ በክፍል ውስጥ አብረን አነበብን፤ ልጆቹም ሁለት ሁለት ሆነው ተጠያየቁ፤ በእያንዳንዱ ቃል ከኑሯቸው ዓረፍተ ነገር ሠሩ፡፡

ባዕድ ከመሰላቸው ቋንቋ ውስጥ ዘመድ ሲያገኙም ፊታቸው ይበራ ነበር፡፡ «ሹገር» የሚለው ቃል ምንጩ የዐረብኛው «ሱከር» ነው፤ እኛም ስኳር እንለዋለን፡፡ «ኮተን» ከ«ቁጥን»፣ «ሌመን» ከ«ለይሙን» የመጡ ናቸው፡፡ «አልጀብራ» ደግሞ አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለጻፈው የሒሳብ መጽሐፍ በሰጠው ርዕስ ውስጥ ካለው «አል-ጀብር» የተወሰደ ነው፡፡

ያ ዝም ይል የነበረ ልጅ የስኳርን ነገር ማታ ለአያቱ ነገራቸው፡፡ እርሳቸውም ጠዋት ሻይ ሲቀዱለት «የስኳሩ ስም ማን ነበር ያልከኝ?» ብለው ጠየቁት፡፡ በዚያን ዕለት በክፍል ውስጥ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እርሱ ነበር፡፡ ፊደል ያልቆጠሩት እናት ለእኛ ለመምህራን ትምህርት ሰጡን፡፡

ወንድሞችና እህቶች፤ ነገሩ ቀላል አይደለም፡፡ በሀገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፡፡ ቃላት ያነሰው ልጅ ጭንቅላት ሳያንሰው ከሁሉም ትምህርት ወደ ኋላ ይቀራል፡፡

ስለዚህ አሳዳጊዎች ሆይ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሩብ ሰዓት ስጡት፡፡ ማንበብ ባትችሉም ቃሉን ይበልላችሁ፤ ትርጉሙን ያስረዳችሁ፤ በማግስቱም መልሳችሁ ጠይቁት፡፡ ለጋሾች ሆይ፣ በቤታችሁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ካለ በሳምንት አንድ ቀን ከየቲሞቹ ጋር ተቀምጦ እንዲያዳምጣቸው ላኩት፡፡ የሚሰማው ያገኘ ልጅ መናገር አያቅተውም፡፡

አላህ ሥራችንን ይቀበለን፡፡