የመድኃኒት እንጉዳይ እርሻና የጫካው አፈር

ክረምት ሲገባ በየሜዳውና በየዛፉ ሥር ድንገት ብቅ የሚለውን የጅብ ጥላ የማያውቅ ሰው በመካከላችን አይገኝም። በአንድ ሌሊት ወጥቶ በጥቂት ቀን የሚጠፋ በመሆኑ ብዙዎቻችን ሥር የሌለው ከንቱ ነገር አድርገን እንቈጥረዋለን። ነገር ግን ከምድር በላይ የምናየው ጥላ ፍሬው ብቻ ነው፤ ዋናው አካሉ በአፈርና በእንጨት ውስጥ የተዘረጋ፣ ከጠጕር የቀጠነ ክር ነው። የዛሬው ንግግሬም ሰው ይህን ክር ለገንዘብ ሲያለማው በጫካ አፈር ላይ ስለሚደርሰው ለውጥ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ለምሳሌ ያህል ወደ ቻይና አገር እንሻገር። በዚያ ሊንግዢ የሚባል፣ ቀይ ቀለም የተቀባ የሚመስልና እንደ እንጨት የጠነከረ እንጉዳይ አለ። በሼንኖንግ ስም በሚጠራው ጥንታዊ የመድኃኒት መጽሐፍ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ሕዝቡም ዕድሜን ያረዝማል ብሎ ሲያከብረው ኖሯል። የዛሬ ሐኪሞች ስለ ፈዋሽነቱ ገና በቂ ማስረጃ አልተገኘም ቢሉም፣ በገበያ ተፈላጊነቱ አልቀነሰም። በጥንት ዘመን ከዱር ብቻ ይለቀም ነበር፤ ካለፈው ምእተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ግን ሰው ራሱ ማብቀልን ተማረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባሉጥና ባሉጥን የመሰሉ ዛፎች ተቈርጠው ይጐማመዳሉ፤ ጉማጁ በእንፋሎት ተቀቅሎ ከሌላ ሻጋታ ከነጻ በኋላ የእንጉዳዩ ዘር ይገባበታል። ክሩ እንጨቱን ሲወርሰው፣ ጉማጁ ከዛፎች ጥላ ሥር በአፈር ይቀበራል፤ ፍሬውም ከዚያ ይወጣል። የተራራ ገበሬዎች በዚህ መንገድ ከቆመ ጫካ ሥር ገቢ ያገኛሉ።

ላይ ላዩን ሲያዩት ሒሳቡ ትርፍ ብቻ ይመስላል። መሬቱ አይታረስም፤ የሚያጠልለውም ዛፍ አይነካም፤ እንጉዳዩም ምግቡን የሚያገኘው ከጉማጁ እንጂ ከአፈሩ አይደለም ይባላል። ዳሩ ግን ገበሬው በሁለተኛው ዓመት አዲስ ጉማጅ ይዞ በዚያው ቦታ ቢቀብር፣ ምርቱ ያንሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይበላሻል። አፈሩ ምንም ካልተነካ ይህ ከምን መጣ?

ነገሩ የሚገለጠው ከመሬት በታች ነው። እንጨት ካርቦን የሞላበት፣ ናይትሮጅን ግን በጣም የጐደለው ምግብ ነው። ስለዚህ እንጨት አፍራሽ የሆኑ እንጉዳዮች ክራቸውን ከጉማጁ አውጥተው ወደ አፈር ይሰዳሉ፤ ከዚያም ናይትሮጅንን ወደ እንጨቱ ይስባሉ። ኦክሳሊክ የሚባለውን አሲድም ስለሚያመነጩ፣ በዙሪያቸው ያለው አፈር ወደ ኮምጣጣነት ሊያዘነብል ይችላል። በዚህ ጊዜ በአፈሩ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን አሰላለፋቸው ይለወጣል፤ አዲሱ ኑሮ የተስማማው ይበዛል፣ ያልተስማማው ይመነምናል። ትሪኮደርማ የሚባለው አረንጓዴ ሻጋታ የሊንግዢ ክር ጠላት ነው። ምርቱ ከተነሣ በኋላ በአፈሩ የሚቀረው የእንጨትና የክር ፍርፋሪ እንዲህ ላለው ሻጋታ መደገሻ ይሆንለታል። የሚቀጥለው ዓመት ጉማጅ ሲቀበርም ጠላቱ ቀድሞ ተሰናድቶ ይጠብቀዋል።

ለቆሙት ዛፎችም ቢሆን ጉዳዩ ባዕድ አይደለም። አልበርት ፍራንክ የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1885 እንደ ገለጠው፣ ብዙ የጫካ ዛፎች ከሥራቸው ጋር ከተቈራኙ እንጉዳዮች ጋር በማኅበር ይኖራሉ፤ ዛፉ ስኳር ይሰጣል፣ እንጉዳዩም ውሃና የአፈር ምግብ ያቀርብለታል። እንጨት አፍራሹ እንግዳ በብዛት ሲገባ፣ ይህን የቈየ ማኅበርተኛ ምግብ ሊሻማው ይችላል።

ሆኖም ፍርዱ በአንድ ወገን እንዳያደላ መናገር ይገባል። የበሰበሰው ጉማጅ በስፍራው ሲቀር ጥቁርና ለም አፈር ይሆናል፤ ተይዞ የነበረውም ናይትሮጅን ቀስ በቀስ ይመለሳል። በልዩ ልዩ ስፍራ የተደረጉት ምርመራዎችም በአንዱ ቦታ የባክቴሪያ ዓይነት በዛ፣ በሌላው አነሰ ይላሉ። ጥፋቱ ከእንጉዳዩ መተከል ሳይሆን፣ አፈሩ ተመልሶ ሳይጠገን በላዩ ከመደገም ነው።

ይህን የኛ ገበሬ ያውቀዋል። ገብስ የተደጋገመበት መሬት ሲደክም ወይ ፆም ያሳድረዋል፣ ወይ ባቄላ ይዘራበታል። ቻይናዎቹም ሊንግዢን በእርሻ መሬት ሲያበቅሉ ከሩዝ ጋር ያፈራርቁታል፤ ለሩዙ የተለቀቀው ውሃ የሻጋታውን ኀይል ያደክመዋል። ጫካ ግን በውሃ አይጥለቀለቅም፣ አይገለበጥምም፤ ያለው መድኃኒት ዕረፍት ብቻ ነው። ያረፈው ቦታ እስኪያገግም ድረስ ገበሬው አዲስ ቦታ መያዝ አለበት፤ እንግዲህ በወረቀት ላይ ጠባብ የሚመስለው እርሻ በጫካው ውስጥ ከዓመት ዓመት እየተጓዘ ሰፊ ይሆናል።

ሁለተኛው ያልተጻፈ ወጪ ጉማጁ ራሱ ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ለማልማት ሌላ ዛፍ ይቈረጣልና። ሊን ዣንሺ የተባሉት የፉጂያን ክፍለ አገር ሊቅ በእንጉዳይና በጫካ መካከል ያለው ይህ ጠብ ስላሳሰባቸው፣ በ1986 በግንድ ፋንታ በዱር ቅጠላ ቅጠል እንጉዳይ ለማብቀል ቻሉ። ጁንካው የተባለው ይህ ዘዴ ከዚያ ወዲህ እስከ ፊጂና እስከ ሩዋንዳ ደርሷል።

ሦስተኛው ነገር የዘሩ ምርጫ ነው። ከምሥራቅ እስያ የመጣ ወርቃማ የምግብ እንጉዳይ በአሜሪካ ከእርሻ አምልጦ በዱር ተስፋፍቷል። በ2025 በወጣ ጥናት፣ እርሱ በያዛቸው የዊስኮንሲን ዛፎች ውስጥ የሌሎች እንጉዳዮች ዓይነት ካልያዛቸው በግማሽ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ክር አጥር አያግደውም።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ መዝገብ ያዥና ፈቃድ ፈራሚ ናችሁ። ገቢውን ጽፎ ወጪውን የተወ መዝገብ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ተቀባይነት እንደሌለው ታውቃላችሁ። ጫካን ሳይጐዳ ገንዘብ ያስገኛል የሚል ማንኛውም ዕቅድ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ እንጨቱ ከየት ይመጣል? ቦታው ስንት ዓመት ያርፋል? ዘሩ የአገር ነው ወይስ እንግዳ? አፈሩስ አስቀድሞ ተመርምሯል? ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በጫካውም ላይ ይደርሳል። ፍሬው በአንድ ወቅት ይለቀማል፤ አፈሩን ግን የሠራው ረጅም ዘመን ነው።