ጉዲፈቻና ያልተኖረው ሕይወት

ጉዲፈቻ በኦሮሞ ባህል የቆየ፣ በሽማግሌዎች ፊት የሚፈጸም ልጅ የመውሰድ ሥርዓት ነው፤ በኢሉባቦርም ይታወቃል። ልጁ ለአሳዳጊዎቹ እንደ አብራክ ክፋይ ይሆናል። ያም ሆኖ ብዙዎች ካደጉ በኋላ ስለ ወላጅ እናታቸው ያስባሉ፤ ከእሷ ጋር ቢያድጉ ኖሮ ምን ዓይነት ሰው ይሆኑ እንደነበር ይጠይቃሉ። ይህን ውለታ ቢስነት ማለት ግፍ ነው። የቤተሰብ ሕጉም፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ በአንቀጽ 183 ደንግጓል።

በኢሉባቦር ከመቱ ብዙ በማይርቀው በሁሩሙ አካባቢ የተወለደው የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ማንም በፈቃዱ አልሰጠውም። ባሪያ ፈንጋዮች በልጅነቱ ከእናቱ ነጠቁት። ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ የስዊድን ሚሲዮንም አስተማረው። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእሱና የአስቴር ጋኖ ድካም ፍሬ ነው። ባይነጠቅ ምናልባት ገበሬ ሆኖ በመንደሩ ባረጀ ነበር። የተገኘው ሥራ ታላቅ ቢሆንም የእናቱን እጦት አያካክስም።

ወደ ጉዲፈቻ ስንመለስ፣ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 ቀርቷል። ቀደም ሲል በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ከሄዱት ግን ብዙዎቹ ዛሬ አዋቂዎች ናቸው። ጉዲፈቻ በሕግ የሚጸናው በፍርድ ቤት ሲጸድቅ በመሆኑ ወላጆቻቸውን የማግኘት ፍለጋቸው ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ሊጀምር ይችላል፤ በባህሉ ብቻ ለተሰጡት ደግሞ መዝገቡ የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው።